የእትዬ ጥሩሸዋ በቅሎ ሞርታር የጫነች ዕለት

በእኛ አገር ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ የሰው ደጅ የሚቆም ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይመጣል። ለጠብ የሚመጣ እንኳ ቁርሱን በልቶ ነው የሚመጣው። ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ባለቤቱ እህል ሳይቀምስ፣ ጋቢውን ተከናንቦ በዝምታ የሚቆም ሰው መርዶ ይዞ ነው፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኛም እያወቅን በዚያ የኅዳር ውርጭ እትዬ ጥሩሸዋ ደጅ ሄደን ተገተርን። የሄድነው ለበቅሎዋ ነበር።

እትዬ ጥሩሸዋ የሟች ታላቅ ወንድሜ ሚስት ናት። ቤቷና ቤቴ አጥር ለአጥር ነው። ምላሷ ስለት አለው፤ ስትቆጣ በጎቹ ጋጣ ውስጥ ሆነው ዝም ይላሉ። ደግ ናት፤ ደግነቷን ግን ከስድብ ለይታ ሰጥታ አታውቅም። "እንካ ብላ፣ የማትረባ" ካለችህ ትልቁን ቁራሽ እየሰጠችህ ነው። ከወንድሜ የቀራት አንድ ልጅ ነበር፤ ምንተስኖት። እሱም ወታደር ሆኖ ሄደ። ብሬን ተኳሽ ነው። ብሬን የምንለው ያን ጥይቱ በሰንሰለት ተያይዞ የሚገባለትን፣ በሁለት እግሩ መሬት ላይ የሚተከለውን ቀላል መትረየስ ነው። ፈቃድ የመጣ ጊዜ ስልኩ ላይ ፎቶውን አሳይቶናል። ብረቱን ታቅፎ፣ ሰንሰለቱን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይስቃል።

"ይሄ ሁሉ ጥይት ለማን ነው?" አለችው እናቱ።

"ለሚመጣ" አላት።

"እንግዲያው ማንም ባይመጣ ይሻላል" አለች።

ፈቃዱን ጨርሶ ሲሄድ ባና ሰጠችው። ከገዛ በጎቿ ሸልታ፣ ክረምቱን ሙሉ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው ጥቁር ባና ነው። ጥጉ ላይ ጥቁሩ ክር አልበቃ ብሎ በቀይ ክር ተጨረሰ፤ መዳፍ የሚያክል ቀይ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀባት። ምንተስኖት ግን "ወታደር ቤት የሰው ዕቃ ይቀያየራል፤ ይሄን ማንም አይወስድብኝም" ብሎ ደስ እያለው ተከናንቦት ሄደ።

ያን ኅዳር ጦርነቱ ወሬ መሆኑ ቀርቶ ከገደሉ ማዶ መጣ። ከመሐል ሜዳ ከተማ የሚመጣው ሚኒባስ ቆመ፤ ገበያው ሳሳ። አንድ ቀን የሠራዊቱ መኪኖች ቀየት ከተማ ደረሱና ቆሙ። ከዚያ ወደ እኛ ያለው መንገድ የበግና የሰው ነው። ጭነቱ ደግሞ ሞርታር ነው፤ መውጣት ያለበትም ከሰፈራችን በላይ ጅባራ አፋፍ ነው። ሞርታር በሰው ጀርባ አይወጣም አይባልም፤ ይወጣል። ተሸክሞ ያወጣው ሰው ግን ያን ቀን ለሌላ ሥራ አይሆንም። ስለዚህ ቀበሌው የጋማ ከብት መሰብሰብ ጀመረ።

አህያ ሞልቷል። ያን ዳገት ከባድ ብረት ጭና ሳትንሸራተት የምትወጣ በቅሎ ግን በሰፈሩ አንዲት ናት፤ የእትዬ ጥሩሸዋ ዳማ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሁለት ጊዜ ጠይቋት ሁለቴም ተሰድቦ ተመልሷል። "ልጄን ሰጥቻለሁ፤ በቅሎዬን ደግሞ ምን በወጣኝ! ይልቅ ያንተን ልጅ ጫንበት" ብላዋለች። የሱ ልጅ ደብረ ብርሃን ይማራል፤ ይህን የማያውቅ የለም።

በሦስተኛው ጊዜ ሊቀመንበሩ ጎህ ሳይቀድ የእኔን በር አንኳኳ። ከኋላው አንድ ሃምሳ አለቃና ሦስት ወታደሮች ቆመዋል። ሃምሳ አለቃው ባስልዮስ ይባላል፤ የመርሐቤቴ ሰው ነው፣ የዓለም ከተማ። የባሏ ወንድም ስለሆንኩ አብሬያቸው ሄጄ እንድለምናት ነው የፈለጉኝ።

"በዚህ ሰዓት የሰው ደጅ ይቆማል እንዴ? ፀሐይ ትውጣ እንጂ" አልኩ።

"ጉሙ ሳይገለጥ አፋፉ ላይ መድረስ አለብን፣ አባቴ። ከተገለጠ ከማዶ ያዩናል" አለ ሃምሳ አለቃው።

እሱም ልክ ነው፤ እኔም ልክ ነኝ። ሁለት ልክ ሲጋጠም የሚያሸንፈው መሣሪያ የያዘው ነው፤ ስለዚህ ሄድን።

ደጇ ስንደርስ ማን ይናገር? ሊቀመንበሩ ምላሷን ፈርቶ በክርኑ ይጎሽመኛል። እኔም ፈርቼ ሃምሳ አለቃውን አያለሁ። ሃምሳ አለቃው ወላጅ ያሳደገው ሰው ነውና የሰው ደጅ ነው ብሎ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። ወታደሮቹ ከብርዱ የተነሣ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው አንገታቸውን ደፍተዋል። አንድም ቃል የሚተነፍስ ጠፋ። መርዶ ነጋሪ ምሰሉ ቢሉን እንኳ ከዚያ አብልጠን መምሰል አንችልም ነበር።

እትዬ ጥሩሸዋ በጎቹን ልታወጣ የጋጣውን መዝጊያ ይዛ ቀና ስትል አየችን። መጀመሪያ ሊቀመንበሩን አየች፣ ቀጥሎ ወታደሮቹን፣ በመጨረሻ እኔን። እኔን ስታይ ነገሩ አለቀ። የቀበሌ ሰው ብቻውን ለመዋጮ ይመጣል፤ ወታደር ብቻውን ውሃ ሊለምን ይመጣል፤ የባል ወንድም ተጨምሮበት በዚያ ሰዓት ከመጣ ምን ይባላል?

"መኳንንት፣ ምንተስኖት ነው?" አለችኝ።

"ኧረ..." ብዬ ሳልጨርስ ጮኸች።

ብዙ ለቅሶ ቆሜያለሁ፤ ወንድሜንም ቀብሬያለሁ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ግን ሰምቼ አላውቅም። ውሸት መሆኑን የማውቀው ሰውዬ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማናል! ጎረቤታችን ኮከቤ አልቃሽ ናት፤ በአካባቢው ደብር ሁሉ እንደሷ የሚያስለቅስ የለም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ደረሰች። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም፤ ወታደሮቹን ስታይ ገባት። ደረቷን መታ አድርጋ ጀመረች።

"ባናሽን ለብሶ ነው ከቤት የወጣልሽ፣
ውርጩን ማን ይመልስ እንግዲህ ከልጅሽ።"

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቶቹ ፊታቸውን ነጩ። ቄስ መርስዔ ኃዘን መስቀላቸውን ይዘው እየሮጡ ደረሱ። እኛ ስድስት ወንዶች "ስሙን እንጂ፣ ኧረ ስሙን" እንላለን፤ ለቀስተኛ ደግሞ "ስሙን" የሚለውን ሰው ያቅፈውና አብሮት ያለቅሳል። ሊቀመንበሩን ሦስት ሽማግሌዎች አቅፈው አፍነው ይዘውታል። ሃምሳ አለቃው ብቻ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ፊቱ አመድ መስሏል። በጎቹ ጋጣው ውስጥ ይጮሃሉ፤ የሚያወጣቸው የለም።

በመጨረሻ የአጥሩ ድንጋይ ላይ ወጣሁና ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። "ኧረ በእመብርሃን! የመጣነው ለበቅሎዋ ነው! ለዳማ!"

ጸጥ አለ።

"ለምን?" አለች ኮከቤ፣ እጇ አየር ላይ እንደቀረ።

"ለበቅሎዋ። ሞርታር ልንጭን።"

እትዬ ጥሩሸዋ ከመሬት ተነሣች። ወደኔ አልመጣችም። አቧራዋን ሳታራግፍ በቀጥታ ወደ ሃምሳ አለቃው ሄዳ ክንዱን ያዘችው።

"አንተ ልጄ፣ እውነቱን ነው? ለበቅሎ ነው የመጣኸው?"

"አዎ እናቴ" አለ። "የመጣነው ለበቅሎ ነው።"

ድምፁ ሰለል ብሎ ነው የወጣው። ያፈረ መሰለኝ። ቆቡን በሁለት እጁ ይጠመዝዘዋል።

ከዚያ ሳቅ ሆነ። ያ ሁሉ ሕዝብ እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። ቄስ መርስዔ ኃዘን "በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል፤ ልጃችን ሊሸብት ነው" ብለው ባረኩ። ኮከቤ "ሙሾዬን በከንቱ አስጨረሳችሁኝ" ብላ ሊቀመንበሩን ተቆጣች። እትዬ ጥሩሸዋማ የሰውዬውን ዘር ከነቅድመ አያቱ አነሣችው። ሰድባ ሰድባ ሲደክማት ራሷ ሄዳ ዳማን ፈትታ አመጣች።

"ልጄን ከሞት መልሳችሁልኝ በቅሎ ልከለክላችሁ? ውሰዱ። ጀርባዋን ብታቆስሏት ግን መኳንንት፣ አንተን ነው የምጭንህ!"

ጭነቱ ሲደረግ ከፊት ቆማ አዘዘች። ሞርታር ሲፈታ ሦስት ነገር ነው፤ ቱቦው፣ ሁለቱ እግሮቹ፣ ከሥር የሚቀመጠው ድፍን ብረት። ድፍኑ ብረት ለብቻው አንድ አህያ ፈጀ። ጥይቶቹ በሳጥን ሆነው ሌሎቹ አህዮች ላይ ወጡ። ቱቦው በዳማ አንድ ጎን፣ እግሮቹ በሌላው ጎን ታሠሩ። ከላይ ደግሞ በሸራ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ዕቃ ተጋደመ።

"ይሄስ ምንድን ነው?" አለች።

"ብረት ነው እናቴ" አለ ሙነወር። ሙነወር ከወታደሮቹ አንዱ ነው፤ የቆላ ሰው፣ የነጋዴ ልጅ።

"የኔም ልጅ የሚሸከመው ብረት ነው" አለችና መጫኛውን ከሙነወር እጅ ተቀብላ በጉልበቷ ደግፋ አጠበቀችው። ሸራውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ቤት ገብታ በከረጢት በሶ ይዛ ወጣች። "ምንተስኖት የሚባል ብሬን ተኳሽ ብታገኙ ለሱ ስጡልኝ። ካላገኛችሁት ብሉት" ብላ ለሃምሳ አለቃው ሰጠችው። ሃምሳ አለቃው ሲቀበላት ቀና ብሎ አላያትም።

ዳማ ከእትዬ ጥሩሸዋና ከኔ በቀር ማንም ሲስባት አትሄድም፤ ስለዚህ እኔም ወጣሁ። ጉሙ ገና አልተገለጠም። መንገድ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መካድ አልችልም። ለሙነወር ስለ ምንተስኖት አወራሁት፤ ብሬን ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ያለከልክ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሙነወር ወሬውን ወደ ሌላ መለሰው።

"ሞርታር ደብቀው የሚተኩሱት መሣሪያ ነው" አለኝ። "ከኮረብታ ጀርባ ይተከላል። የሚተኩሰው ሰው የሚመታውን አያየውም፤ አፋፉ ላይ ያለ ሰው አይቶ በሬዲዮ ይነግረዋል፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ጨምር፣ ቀንስ እያለ። ጥይቱ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል።"

"ብሬንስ?"

"ብሬን ፊት ለፊት ነው። ያየውን ይመታል።" ቀጠለና "የሚያየውም ብዙ ነው" አለ።

"ማለት?"

"ማለትማ፣ መትረየስ ተኳሽ ከሁሉ በፊት የሚፈለግ ሰው ነው። ድምፁም እሳቱም ቦታውን ይናገራል። ሞርታር ደግሞ ከባድ ነው፤ ቦታ ለቆ ሲሄድ ይንቀራፈፋል። እኛ ፈትተን፣ ጭነን፣ ዞር እስክንል አንድ ብሬን ተኳሽ ቀርቶ ይሸፍነናል።"

"ከዚያ እሱስ?"

"ከዚያ እሱም ይመጣል" አለ ሙነወርና አህያውን መታ።

ግማሽ መንገድ ላይ ዐረፍን። ወታደሮቹ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። አንደኛው የበሶውን ከረጢት ሊፈታ ሲል ሃምሳ አለቃው እጁን ያዘው። "አይነካም" አለ። እኔ ደግሞ "ብሉ እንጂ፣ ካላገኛችሁት ብሉት ብላለች" አልኩ። "አይነካም አልኩ" አለና ከረጢቱን ራሱ ትከሻ ላይ አደረገው። ጥጋብ መሰለኝ። የሴትዮዋን እጅ የናቀ መሰለኝና ተናደድኩበት።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ጉሙ መሳሳት ጀምሯል። ቀድሞን ወጥቶ ከጅባራው ተክል መሀል ተኝቶ ማዶውን የሚያይ ወታደር በሬዲዮ ይጣራል፤ ማዶ ላይ ሰዎች ወደ ወንዙ እየወረዱ ነው፣ ፍጠኑ ይላል። ወታደሮቹ ቱቦውንና እግሮቹን አውርደው ከጫፉ በታች፣ ከኋላው ሮጡ። የጓሳውን ሣር ቆፍረው ነቅለው ድፍኑን ብረት አስቀመጡ፤ ቱቦውን ሰኩበት፤ እግሮቹን ዘረጉ። እንደዚያ ያለ ፍጥነት አላየሁም። የተረፈውን ረጅሙን ጥቅል ከዳማ ላይ ለማውረድ ጊዜ አልነበረም። እኔም እንዴት እንደሚተኩሱ ለማየት ልጓሟን ላላ አድርጌ ቆምኩ።

ሙነወር ጥይቱን በሁለት እጁ ይዞ ቱቦው አፍ ላይ አደረሰው። ሃምሳ አለቃው እጁን ጣለ። ሙነወር ለቀቀው፤ ጎንበስ አለ። ዱም! መሬቱ ከእግሬ ሥር ዘለለ፤ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር የተመታ መሰለኝ። ጆሮዬ እስኪከፈት ዳማ ልጓሟን በጥሳ ሽምጥ ሄዳለች።

ከኋላዋ ሮጥኩ። ሩቅ አልሄደችም፤ የጭነቱ ገመድ ጅባራ ላይ ተጠልፎ ያዛት። ጥቅሉ ወርዶ መሬት ላይ ወድቋል። ሸራው ተከፍቷል። ላነሣው ጎንበስ ስል ከሸራው ውስጥ ባና አየሁ። ጥቁር ባና ነው። ጥጉ ላይ መዳፍ የሚያክል ቀይ አለው።

ገልጬ አየሁት። ውስጡ ብሬን ነው፤ ሁለት እግሩ የታጠፈ፣ ሰደፉ በአንድ ጎን የተፈረፈረ። ባናው ላይ የደረቀ ደም አለ፤ ብዙ ነው።

ምን ያህል ጊዜ እዚያ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከኋላዬ ሞርታሩ ይተኩሳል፤ ዳማ በእያንዳንዱ ትደነብራለች። ቆየት ብሎ ሃምሳ አለቃ ባስልዮስ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"የት ነው?" አልኩት።

"ቀብረነዋል፣ አባቴ። ከወንዙ ወዲያ፣ አስታ ዛፍ ያለበት ቁልቁለት ላይ። ድንጋይ ጭነንበታል፤ ቦታውን አውቀዋለሁ። ሞርታሩን ይዘን ስንወጣ ከኋላ ቀርቶ የሸፈነን እሱ ነው። ሁላችንም ወጣን። እሱን በማግሥቱ ተመልሰን ነው ያነሣነው።"

"እና ደጇ ቆመህ ለበቅሎ ነው አልካት?"

"የመጣሁት ለበቅሎ ነው። የማን ቤት እንደሆነ አላወቅሁም። ስሙን ሲጠሩት ነው ልቤ የመታው። ያቺ አልቃሽ በሙሾዋ ባናውን ስታነሣ ጥርጥር አልቀረኝም። ልናገር ስል እርስዎ ለበቅሎ ነው ብለው ጮኹ፤ እናቱ መጥተው ክንዴን ያዙኝ። ፊታቸውን አይተውታል?"

አይቼዋለሁ።

"ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ" አለ። "በቅሎዋንም ፈልጌያት ነበር። ብናገር ኖሮ ማን ይጭናል? ሰፈሩ ለቅሶ ይቀመጣል። ሞርታሩ እዚህ ባይወጣ እነዚያ ዛሬ ማታ እናንተ ቤት ነበሩ።"

ልመታው እጄን አነሣሁ። አልሸሸም። ያኔ ሬዲዮው ጮኸ፤ "ጨምር" ይላል። ሃምሳ አለቃው ዞሮ ወደ ሥራው ሄደ። ጠላሁት። ልክ መሆኑን ሳውቅ ይበልጥ ጠላሁት።

እስከ እኩለ ቀን ተኮሱ። ከማዶም መለሱ፤ ከእኛ በላይ አልፎ ባዶ ሜዳ ላይ ወደቀ። ከዚያ ማዶ ያሉት ወደ መጡበት ተመለሱ ተባለ። ወታደሮቹ ደስ አላቸው። ወዲያው ሙነወር ብሬኑን ከባናው አውጥቶ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ አዲስ ሰንሰለት አጉርሶ ወደ አፋፉ ይዞት ወጣ።

"ብረቱን ስጡኝ" አልኩ ሃምሳ አለቃውን። "በለቅሶው ላይ ይውጣ። ባለ መሣሪያ ሲሞት መሣሪያው ይለቀስበታል፤ አንተም አገርህ ታውቀዋለህ።"

"አውቀዋለሁ። ብረቱ ግን የመንግሥት ነው፣ አባቴ። ዛሬ ማታም ያስፈልገናል።"

ባናውን አጣጥፎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። የበሶውንም ከረጢት ከትከሻው አውርዶ ጨመረልኝ። በሶውን አልተቀበልኩትም። "ካላገኛችሁት ብሉት ብላለች፤ እንግዲህ ብሉት" አልኩ። ከረጢቱን እንዳቀፈ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አንድ ሰው ጠልተህ አብረኸው ማልቀስ ይቻላል፤ ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ሞርታሩ እዚያው ስለሚቆይ ዳማን ይዤ ወረድኩ። ሲመሽ ሰፈር ደረስኩ፤ ግን በእትዬ ጥሩሸዋ ደጅ አላለፍኩም። በጓሮ ዞሬ ኮከቤ ቤት ገባሁ። መርዶ ማታ አይነገርም፤ ሰው ሐዘኑን ይዞ ብቻውን ጨለማ አይገባም። ቄስ መርስዔ ኃዘንና ሊቀመንበሩ ተጠርተው መጡ። ቄሱ ጠዋት የተናገሩትን አስታውሰው መሰለኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኮከቤ ባናውን ተቀብላ ወደ ምንጩ ወረደች። "ደም ያለበት ለእናት አይሰጥም" አለች። "በዚህ ብርድ አይደርቅም" ብላት አልሰማችኝም። እውነትም እሳት ዳር ሰቅላው እስኪነጋ አልደረቀም።

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ሊቀመንበሩ፣ ቄሱ፣ ኮከቤ፣ እኔ፣ ሌሎችም ዘመዶች። ዳማ ከኋላዬ ናት፤ የኮቴዋ ድምፅ ቀድሞን ደረሰ። እትዬ ጥሩሸዋ የጋጣውን መዝጊያ ጥላ እየሮጠች ወጣች።

"ዳማዬ! መጣሽልኝ?" አለችና አንገቷን አቀፈች። ኮርቻ የሚያርፍበትን ጀርባዋን ዳበሰችው፤ ቁስል አጣች። "ተርፈሃል፣ መኳንንት" አለችኝ።

ከዚያ ሁላችንንም አየችን። በዝምታ ቆመናል። ያን ሰዓት፣ ያን ዓይነት አቋቋም። ሳቋ መጣ።

"ዛሬ ደግሞ ምን ልትወስዱ ነው? በሬውን?" አለች። "ዛሬስ አላለቅስም፤ አንዴ አሞኝታችሁኛል።"

እኔ ነኝ የምናገረው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት። አንዱም አልመጣልኝም። ባናውን ከጋቢዬ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት።

ቀዩን ጥግ አየች፤ ፊቷ በራ። "አገኛችሁት? ለምን ሰደደው? እዚያ ላይ ከእኛ የባሰ ውርጭ አይደለም እንዴ? ምን ተከናንቦ ሊያድር ነው፣ ይሄ የማይረባ ልጅ!" እያለች ልታጥፈው ስትል እጇ ቆመ። ጨመቅ አደረገችው። ውሃ በጣቶቿ መሀል ወጣ።

"ርጥብ ነው" አለች።



"በኅዳር ባና የሚያጥብ ማን ነው?" ብላ አንድ በአንድ አየችን። ኮከቤ ጋ ስትደርስ ዓይኗ እዚያው ቀረ። የኮከቤ እጆች ከምንጩ ውሃ የተነሣ እስከ ክርኗ ቀልተው ነበር። ያቺ ቃል የማይጠፋባት አልቃሽ ነጠላዋን አዘቀዘቀች እንጂ ድምፅ አልወጣትም።

እትዬ ጥሩሸዋ ባናውን እንደያዘች ጋጣው በር ላይ መሬት ተቀመጠች። እንደ ትናንቱ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም፤ ጩኸቷን ትናንት ጨርሳዋለች። ርጥቡን ባና ጭኗ ላይ ዘርግታ ቀዩን ጥግ በመዳፏ ስትዳብስ ቆየችና፣ በጎቹ ውስጥ ሆነው ሲጮሁ ሰማች።

"በጎቹን አውጡልኝ" አለች። "ትናንትም እስከ ቀትር ታጉረው ነው የዋሉት።"